መኪናዋ ያላወቀቻቸው ጎማዎች

መጀመሪያ የታየው ዳቦው ነው። የትናንቱን ኮንክሪት ሊያይ በማለዳ የመጣው ግንበኛ፣ መንገዱ ዳር ተበትኖ ያገኘውን ዳቦ አይቶ "ምን ያለ ጥጋበኛ ነው!" ብሎ መሳደብ ጀምሮ ነበር። ቀጥሎ የተቆለመመውን ብስክሌት አየ፤ ከዚያ ሰውየውን። ስድቡ አፉ ውስጥ ቀረ።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ካፊያው አባርቶ ነበር። ዳቦ አከፋፋዩ በጎኑ ተኝቷል። ጭንቅላቱ የመንገዱን ጠርዝ ድንጋይ መትቷል። መዳፎቹ ተልጠዋል፣ የሁለቱም ጉልበቶቹ ሱሪ ተቀዷል። አጎንብሳ ስታይ፣ ከወደቀበት ቦታ እስከ ተኛበት ድረስ ጭቃው ላይ የተጎተተ ነገር ምልክት አለ።

"ድኾ ነበር" አለች።

አብሯት የመጣው ሳጅን ደብተሩን ከኪሱ አወጣ። ጣቢያው ውስጥ "ችኩሉ" ነው የሚሉት፤ መዝገብ ሳይከፈት መዝጋት ስለሚወድ። አሁን ግን ደብተሩን ሳይጽፍበት መለሰው።

የመንገዱ ግማሽ በጥገና ምክንያት ተዘግቶ ማታውን ኮንክሪት ፈሶበታል። መኪናው ብስክሌቱን ከኋላ ገጭቶ ሲደነብር በአንድ ጎኑ ኮንክሪቱ ላይ ወጥቶ ነበርና፣ የሄደበት መስመር ገና ባልደረቀው ሲሚንቶ ላይ እንደ ማኅተም ቀርቷል። የግንባታው ዘበኛ ድምፅ ሰምቶ ብቅ ሲል ያየው የትንሽ ነጭ መኪና ጀርባ ብቻ ነው። ታርጋ አላየም። ሰውየውንም ጨለማው ሸፍኖት አላየውም፤ "መኪና ነው ያለፈው ብዬ ተመልሼ ተኛሁ" አለና ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ።

"የጎማውን ዱካ ይዩት" አለ ሳጅኑ፣ ኮንክሪቱ ላይ እያመለከተ። "በውስጥ በኩል ጥርሱ አልቆ ተመልጧል፤ በውጭ በኩል ግን ምንም አልሆነም። ልክ እንደ አዛዣችን ጭንቅላት።"

አልሳቀችም፤ ግን አልተቆጣችውም።

* * *

የሟቹ ቤት አንድ ክፍል ነው። ሚስቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ሰማች። አላለቀሰችም። ከሌላ ከተማ ከመጡ ብዙም አልሆናቸውም፤ ጎረቤቶቿ ከሰላምታ ያለፈ አያውቋትም።

"ጠብ የነበረው ሰው አለ?"

"ከማን ጋር ሊጣላ? ሰው ሳይነቃ ወጥቶ ሰው ሲወጣ ነው የሚመለሰው።" ትንሽ አሰበች። "ከዱቄት ፋብሪካው ሾፌር ጋር አንዴ ተነጋግሯል። መንገድ ይዘጋብኛል ብሎ።"

ከዚያ ቀና ብላ ኢንስፔክተሯን አየቻት። "ወዲያው ነው የሞተው?"

ሐኪሙ ቀደም ብሎ ለኢንስፔክተሯ የነገራት ሌላ ነበር። ሰውየው ለረጅም ጊዜ በሕይወት ነበር፤ የገጨው ሰው ቆሞ አንስቶት ቢሆን ይተርፍ ነበር። ኢንስፔክተሯ በሥራዋ ዘመን ብዙ ጊዜ ዋሽታለች፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ግን ውሸት ሁልጊዜ ይከብዳታል።

"አላውቅም እህቴ" አለች። እሱም ውሸት ነበር።

የፋብሪካው ሾፌር ተጠርጣሪ ሆኖ ብዙ አልቆየም። መኪናው የጭነት ነው፣ የጎማው ስፋት ኮንክሪቱ ላይ ካለው ዱካ እጥፍ ነው። ደግሞም ያን ጠዋት በር ላይ ተራ ይዞ ዱቄት ሲያስጭን ያላየው ሠራተኛ አልነበረም። "ሰውየውን ሰድቤዋለሁ" አለ ሾፌሩ፣ ዐይኑ ቀልቶ። "ሙት ግን አላልኩትም።"

ስለዚህ የቀረው የነጭ መኪኖች ነገር ነበር። ኢንስፔክተሯና ሳጅኑ የዚያን ዓይነት መኪና ያለውን ሰው ሁሉ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ ጎማ ማየት ጀመሩ።

* * *

አንደኛው የአንድ መነጽር ሠሪ መኪና ነበር። ሰውየው አርባ ገደማ ይሆነዋል፤ ጸጉሩ ከፊት ሸሽቷል፣ አነጋገሩ የተቆጠበ ነው። መኪናው በር ላይ ቆማለች፤ ጎማዎቿ ጥርሳቸው ሙሉ፣ ጠርዛቸው እኩል ነው።

"ረቡዕ ማለዳ የት ነበሩ?"

"እዚሁ። ተኝቼ።"

"የሚመሰክር ሰው አለ?"

"ባለቤቴ ሥራ ገብታለች፤ ልደውልላት።" ደወለና ስልኩን በድምፅ ማጉያ አደረገው። "ፖሊሶች ናቸው። ረቡዕ ማለዳ የት እንደነበርኩ ይጠይቃሉ።"

 "አጠገቤ ተኝቶ ነበር" አለች ሴቲቱ።

ኢንስፔክተሯ ውሃ ለመጠጣት ወደ ወጥ ቤት ገባች። የእቃ ማድረቂያው ላይ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ብርጭቆ ተደፍተዋል። አየቻቸው። የራሷም ማድረቂያ ላይ ያን ጠዋት የተወችው ይህንኑ ነበር፤ ምናልባትም ለዚህ ነው ምንም እንግዳ ነገር ያልታያት። ብርጭቆውን ተጠቅማ አለቅልቃ መለሰችውና ወጣች።

"ይሄ ንጹሕ ነው" አለ ሳጅኑ፣ ስሙን እየሰረዘ።

* * *

በማግስቱ ቤታቸው የሄዱባቸው ባልቴት በሩን የከፈቱት የቁልፉን ቀዳዳ በጣታቸው ዳብሰው ነው። ባላቸው ከሞተ ጀምሮ ብቻቸውን ናቸው፤ ልጅ አልወለዱም። እንግዶቹ ፖሊስ መሆናቸውን ሲሰሙ እንኳ ደስታቸው አልቀነሰም።

"ግቡ፣ ግቡ! ሻይ ላፍላ? ወንበሩን ሳቢው ልጄ፣ እሱ እግሩ ይወላገዳል፣ ሌላኛውን።"

ግድግዳው ላይ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ሁለት ወንዶች፣ አንዱ ሽማግሌ አንዱ ወጣት፣ ሁለት አዲስ ነጭ መኪኖች አጠገብ ቆመው ይስቃሉ። ኢንስፔክተሯ ፎቶውን እያየች ሻዩን ሳትቀምሰው ሳጅኑ ከጋራዡ ጮኸ።

"ኢንስፔክተር! ቶሎ ይምጡ!"

ጎማው በውስጥ በኩል ተመልጧል፤ በውጭ በኩል ሙሉ ነው። ጥርሶቹ መካከል ግራጫ ሲሚንቶ ደርቋል።

ባልቴቷ በነጠላ ጫማቸው እየተጎተቱ ከኋላ መጡ። ጎንበስ ብለው ሲሚንቶውን በአውራ ጣታቸው ነኩት። ደግመው ዳበሱት።

"ሰው ሞቷል ነው ያላችሁት?"

"ዳቦ አከፋፋይ። ሚስት አለችው።"

ባልቴቷ የመኪናዋን ጎን ይዘው ተነሱ። 

"እኔ ነኝ" አሉ። "እኔ ነኝ የገጨሁት።"

* * *

ጣቢያ ውስጥ ኢንስፔክተሯ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

"ወዴት እየሄዱ ነበር?"

"ሐኪም ቤት። አሞኝ።"

"በየት በኩል?"

"በ... በዋናው መንገድ።"

"የመንገዱ የትኛው ግማሽ ነው የተዘጋው?"

ባልቴቷ ጠረጴዛውን አዩት፤ መልሱ እዚያ የተጻፈ ይመስል። "ልጄ፣ ለምን ታደክሚኛለሽ? አመንኩልሽ አይደል። ልፈርምና ይለቅ።"

ሳጅኑ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት። "ጎማው እሳቸው ቤት፣ ሲሚንቶው ጎማው ላይ፣ ቃላቸው አፋቸው ላይ። ከዚህ በላይ ምን ቀረ?"

"ዐይን ቀረ። ሴትዮዋ የገዛ በራቸውን ቁልፍ ቀዳዳ አያዩም፤ በጨለማ መኪና ይነዳሉ?"

"ለዚያ አይደል የገጩት?"

 ኢንስፔክተሯ የመኪናዋን ቁልፍ ይዛ ብቻዋን ወደ ባልቴቷ ጋራዥ ተመለሰች።

የሾፌሩ ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሯ ፍሬኑ ላይ አልደረሰም፤ ከባልቴቷ ግን በቁመት ትበልጣለች። ወንበሩ ወደ ኋላ ተገፍቶ ጀርባው ጋደም ተደርጓል፤ ለመንዳት ሳይሆን ለማረፍ። አጠገቡ የታጠፈ ብርድ ልብስ፣ ኩባያ፣ የብስኩት ፍርፋሪ አለ። ቁልፉን አዞረች። ራዲዮኑ በከፍተኛ ድምፅ ዜና ማንበብ ጀመረ። ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት መብራቶች አንድ በአንድ ጠፉ። አንዷ፣ የጎማ ምስል ያላት ቢጫዋ፣ ለጥቂት ጊዜ ብልጭ ድርግም አለችና ከዚያ በርታ ቀረች።

ጣቢያ ስትመለስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች። "እማማ፣ መኪናው ውስጥ ይቀመጣሉ?"

ባልቴቷ እንደ ልጅ አፈሩ። "የቤቱ ራዲዮ ተበላሽቶ ነው ልልሽ ነበር። ምን ልዋሽሽ። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ዜና የሚሰማው እዚያ ነበር፤ እኔም ቁርሴን ይዤ ከጎኑ እቀመጣለሁ። አሁንም ቁርሴን እዚያ ነው የምበላው። ወንበሩ ብቻ ነው የተለወጠው።"

"በየቀኑ?"

"የማልገባበት ቀን የለም።"

"ይህን ማን ያውቃል?"

"ማን ጠይቆኝ?"

"የጎማዋ መብራትስ? መቼ ነው የበራችው?"

ባልቴቷ አፋቸውን ገጠሙ። ከዚያ በኋላ መድኃኒታቸውን ብቻ ነው የጠየቁት፤ ሳጅኑ ቤታቸው ወስዶ ሊያመጣቸው ተስማማ።

* * *

ሳጅኑ ደግሞ አዲስ ሰው አግኝቶ ነበር፤ የባልቴቷን መኪና የሚያየው መካኒክ። ትርፍ ቁልፍ አለው። በዓመት አንዴ ሊፈትሻት ይዟት ይወጣል።

መካኒኩ ወፍራምና ለፍላፊ ነው። ረቡዕ የት እንደነበር ሲጠየቅ ሳቀ። "ማዋለጃ ክፍል! ሚስቴ ወለደች። ከነርሶቹ አንዷን ጠይቁ፣ ሁሉም ያውቁኛል። ሚስቴ ምጥ ላይ ናት፣ እኔ ራሴን ስቼ ወደቅኩ፤ እሷን ትተው እኔን ሲያነሱ ነበር።"

ሳጅኑ ደውሎ አጣራ። እንዳለው ነበር። "እስካሁን ይስቁበታል" አለ፣ ስልኩን እያስቀመጠ።

ኢንስፔክተሯ ግን ስለ መብራቷ ጠየቀችው።

"አዎ፣ ደውለውልኝ ነበር" አለ መካኒኩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ እየከሰመ። "ሐሙስ ጠዋት መሰለኝ። መብራቷ ትርገበገባለች አሉኝ። እሳቸው እኮ ሁልጊዜ ይደውላሉ፤ የሚያወሩት ሲያጡ ነው። ብርድ ሲሆን አየር ይቀንሳል፣ ይተዉት አልኳቸው።"

"ብልጭ ድርግም ብላ በርታ ብትቀር ምን ማለት ነው?"

መካኒኩ ጭንቅላቱን አከከ። "ብልጭ ድርግም ካለች አየር አይደለም። ጎማው ውስጥ፣ አየር መሙያው ሥር፣ የአየሩን መጠን የሚለካ ሴንሰር አለ። እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው፤ መኪናዋ የራሷን አራት ቁጥሮች ይዛለች። ሌላ ጎማ ከነቸርኬው ስትገጥሚላት አታውቀውም። ከገበያ በሚገዛ መሣሪያ ሪሴት አድርገሽ፣ አንድ በአንድ ማስተዋወቅ አለብሽ።"

"ካላስተዋወቅካትስ?"

"የድሮዎቹን እየጠበቀች ትኖራለቻ።"

ኢንስፔክተሯ ተነሳች። ጎማ በአንድ በኩል የሚመለጠው ብዙ ሲነዳ ነው፤ የባልቴቷ መኪና ደግሞ ከጋራዥ የምትወጣው ከስንት አንዴ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ማሰብ ነበረባት። ጎማዎቹ የባልቴቷ አይደሉም። የሆነ ሰው የራሱን አራቱንም አውልቆ እዚያ ገጥሞ የእሳቸውን ወስዷል። የሚገጥመው ደግሞ ያው ዓይነት መኪና ላለው ሰው ብቻ ነው።

"የድሮዎቹን ቁጥር ከመኪናዋ ውስጥ ማንበብ ይቻላል?"

"ሪሴት ካልተደረገች ይቻላል።"

"መሣሪያህን ያዝና ና።"

መካኒኩ ጋራዡ ውስጥ ሲሠራ እሷ ወደ ሳሎኑ ገባች። ፎቶው የለም። ግድግዳው ላይ ያልደበዘዘ አራት ማዕዘን ብቻ ቀርቷል፤ ከበላዩ ምስማሩ አለ። ባልቴቷ መድኃኒታቸውን ሊያመጡ ገብተው ነበር፤ ሳጅኑ በር ላይ ሆኖ ነው የጠበቃቸው።

ዐይኗን ጨፈነች። ሁለት ነጭ መኪኖች። ሽማግሌው ባላቸው ነው። ወጣቱ ደግሞ፣ ሲስቅ አንገቱን ወደ አንድ ጎን የሚያዘነብለው... ጸጉሩን በሐሳቧ ከግንባሩ ላይ ቀነሰችለት፤ መነጽር ሠሪው ሆነ። ከዚያ አንዲት ሳህን፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ብርጭቆ ታዩዋት። በዚያ ቤት ባልና ሚስት አይኖሩም። እንዴት እንዳለፋት ታውቀዋለች፤ የገዛ ቤቷ መስሏት ነው።

* * *

መነጽር ሠሪው ከበሩ ወጥቶ፣ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ያይ ነበር። መካኒኩ መሣሪያውን ወደ ፊተኛው ግራ ጎማ አስጠጋ። መሣሪያው ጢጥ አለ። ቁጥሩን ከባልቴቷ መኪና ካወጣው ጋር አስተያየ። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ወደሚቀጥለው ጎማ ሄደ።

"ምን እያደረገ ነው?" አለ መነጽር ሠሪው።

"መኪናዋ እነዚህን ታውቃቸዋለች፤ አንተ ሪሴት አድርገህላታል። የባልቴቷ መኪና ግን አሁንም እየፈለገቻቸው ነው። ባልቴቷ ምንህ ናቸው?"



"የአጎቴ ሚስት" አለ መነጽር ሠሪው።

"ሚስትህስ የት ናት?"

"እህቷ ጋ። ትታኝ ከሄደች ቆየ።" ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። "ለማንም አልተናገርኩም። ስልክ ላይ እንደዚያ በዪልኝ ብዬ ለመንኳት፤ አዘነችልኝ። ጠዋት ሥራ ስትወጣ ከሩቅ ለማየት ሄጄ ነበር። ማለዳ ነው የምትወጣው። ያን ቀን አላየኋትም። ስመለስ... ብስክሌቱ መብራት አልነበረውም።"

"ቆመህ አየኸው?"

"በመስታወት።"

"ሲንቀሳቀስ አየኸው?"

መነጽር ሠሪው ፊቱን አዞረ። መካኒኩ መሣሪያውን አጠፋ።

"ሲሚንቶው በውሃ አልለቅ አለኝ" አለ መነጽር ሠሪው። "አዲስ ጎማ ልገዛ ብሄድ ትጠይቁበታላችሁ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ረቡዕ ማታ፣ ዘይት ልለውጥልሽ ብዬ እትዬ ጋ ሄድኩ። እሷን ልወነጅል አይደለም፣ በሕይወቴ አላሰብኩትም። የማትነዳ መኪና ማን ያያል? ያን ጋራዥ እኮ ከኔ በቀር ሰው አይገባበትም። እሁድ እሁድ ሞተሯን ላስነሳ እኔ ብቻ ነኝ የምገባው።"

"በየቀኑ ይገባሉ" አለች ኢንስፔክተሯ። "ቁርሳቸውን የሚበሉት እዚያ ነው።"

"ማን፣ እትዬ?" ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ላይ ያለው ከፍርሃት ይልቅ ግራ መጋባት ነበር። "ለምን?"

* * *

ባልቴቷ ከጣቢያው ወንበር አልተነሱም። ኢንስፔክተሯ አጠገባቸው ተቀመጠች። ባልቴቷ የያዘችውን ወሬ ከአረማመዷ አወቁት።

"አመነ?"

"አመነ።"

"እኔ እኮ መብራቷን ሳይ ጊዜ አንድ ነገር እንደነካካ ገብቶኛል። ዘይት ሊለውጥ መጣና ዘይት ሳይሸተኝ ሄደ። ሲሚንቶውን ስነካው ደግሞ ሁሉም ገባኝ።" ፎቶውን ከሻርፓቸው ሥር አውጥተው ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፉት። "እኔ ምን ይቀርብኛል ብዬ ነው። እሱ ቢገባ እሁዴ ባዶ ነው። እኔ ብገባ ግን፣ እስር ቤትም ቢሆን ይጠይቀኝ ነበር።"



"ስለ እኔ ምን አለ?" ብለው ጠየቁ ባልቴቷ።

የሚባለው ብዙ ነበር፤ የሚያጽናና ግን አልነበረውም። "እሷን ልወነጅል አስቤ አይደለም አለኝ" አለች። "ማንም የማይገባበት ቦታ ነው ብሎ ነው።"

ባልቴቷ የፎቶውን ጀርባ በመዳፋቸው ዳበሱ።

"አያውቅማ" አሉ። "ስንት ዘመን እሁድ እሁድ መጥቶ፣ ሰኞን እንዴት ዋልሽ ብሎኝ አያውቅም።" ከዚያ በዱላቸው ተደግፈው ተነሱ። "ሚስት አለችው ብለሽኛል፣ የሞተው። ውሰጂኝ።"

"እማማ፣ ላታስገባዎት ትችላለች።"

"እመለሳለኋ።"

* * *

የሟቹ ሚስት በሩን ግማሽ ከፍታ ቆመች። ባልቴቷ ማን እንደሆኑ ሳያሽሞነሙኑ ተናገሩ፤ የገደለው የባላቸው የወንድም ልጅ መሆኑን፣ ሊደብቁትም ሞክረው እንደነበር። ኢንስፔክተሯ ጩኸት ጠበቀች። በሩ እስኪወረወር ጠበቀች።

ሴቲቱ ኢንስፔክተሯን አየቻት። "አላውቅም ያልሽኝን አሁን ንገሪኝ። ወዲያው ነው የሞተው?"

"አይደለም" አለች ኢንስፔክተሯ። "ወዲያው አልሞተም። ድኾ ነበር።"

ሴቲቱ የበሩን መቃን ያዘች። ወደ ታች ስትንሸራተት ባልቴቷ ዱላቸውን ጥለው ክንዷን ያዙ፤ ለመያዝ የሚሆን ጉልበት ግን አልነበራቸውም፣ ሁለቱም ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም። እንደምንም ተደጋግፈው አልጋው ጫፍ ላይ ደረሱ። ያኔ ነው ሴቲቱ ያለቀሰችው። ባልቴቷ አላጽናኑም፣ ይቅር በዪንም አላሉም። ክንዷን ብቻ አልለቀቁም፤ እሷም አልነጠቀቻቸውም።

ኢንስፔክተሯ ዱላውን አንስታ ግድግዳው ላይ አስደገፈችውና በሩን ቀስ ብላ ዘጋች።

መኪናዋ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ሥራው አልቋል፤ ሳጅኑ መዝገቡን ለመዝጋት ጣቢያ ሆኖ ደጋግሞ ይደውላል። ወደ ቤትም መሄድ ትችል ነበር፤ እዚያ ግን የሚጠብቃት የለም። ስልኩን አጠፋችው። መንገዱ ላይ ሰዎች ከሥራ እየተመለሱ፣ ልጆቻቸውን እየጎተቱ አለፉ፤ አንዳንዱ ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ አያት።

ባልቴቷን መልሳ እንድታደርሳቸው የጠየቃት ሰው አልነበረም። ጠበቀቻቸው።